ሻሽና ላሽ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ዛሬ ትምህርት ቤት ተመለስኩ። እማዬ ካረፈች የመጀመሪያዬ ነው። መምህሩ ስሜን ሲጠራ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ሱሌማን ቦታዬን ይዞልኝ ነበር። ገና ሳልቀመጥ ሱሪዬን አይቶ «ደቻሳ፣ ጎርፍ መጣ እንዴ?» አለኝ። ወዲያው የተናገረው ነገር ራሱን አስደነገጠውና ከንፈሩን ነከሰ።

ሱሪዬ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ቀርቷል። የአምናው ነው። እማዬ ኢምፔሪያል ጋ ባላት ስፌት ቤት የሰፈሩን ተማሪ ዩኒፎርም ሁሉ ስትሰፋ የእኔን ለመጨረሻ አቆየችው። «አንተ የቤት ልጅ ነህ፣ ተራህን ጠብቅ» አለችኝ። ተራዬ አልደረሰም። መስከረም ሃያ ጠዋት ራሴን አመመኝ አለች፣ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ገባች፣ ማታ የለችም። ደም ግፊት ነው አሉ።

ለሱሌማን ሳቅኩለት። ቀብር ላይ አላለቀስኩም፣ ዛሬ ግን ሳቅኩ። እንዴት ያለ ሰው ነኝ?

ጥቅምት 6

ጸጉሬን ላስተካክል ቶንዶሴን ሳወጣ ጥርሱ ረጅም ጸጉር ነክሶ ይዟል። የሴት ጸጉር። ቢሊሴ ላይ ጮኽኩ። «ይሄ እኮ የወንድ ነው! ሞተሩን ልታቃጥዪው ነው?» አልኳት። እህቴ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ጫማ ትወረውርብኝ ነበር። ዝም ብላ ጥቁር ሻሿን አጥብቃ አሰረች።

በመርፌ አንድ በአንድ አወጣሁት። የማን ጸጉር እንደሆነ እያወቅኩ ለምን እንደጮኽኩ አላውቅም።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ ሌሊት

አባዬ ዛሬ ወደ ጅቡቲ ወጣ። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ለሐዘን የሰጡት ፈቃድ አለቀ። በር ላይ ሳመኝና «እህትህን…» አለ። ሌላ አልጨመረም። እህትህን ምን? እኔም አልጠየቅኩም። ሁለታችን ቀረን።

እንቅልፍ ስላልመጣ ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፈው።

በክረምቱ መግቢያ ቢሊሴ ፊት ላይ፣ ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ፣ ቅላት ወጣ። እማዬ «ምች ነው፣ ፀሐይ ላይ ቆመሽ በልተሽ ነው» ብላ ዳማከሴ አሸችላት። አልጠፋም። ቀጥሎ የእጇ ጣቶች ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ አሉ። ቀጥሎ ትኩሳት። ሆስፒታል ለሆስፒታል ሲዞሩ ከርመው አንዲት ሐኪም ሉፐስ ነው አሏቸው። እኔ ምንድን ነው ስል እማዬ «ሰውነት ውስጥ ያለው ዘበኛ አብዶ የቤቱን ሰው ሲደበድብ ማለት ነው» ብላ አስረዳችኝ።

«ታዲያ አይባረርም?»

«ዘበኛ ከሌለ ሌባ ይገባል። መድኃኒቱ እንዲያንቀላፋ ነው የሚያደርገው።»

መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የወባ መድኃኒት ነው፣ ለዚህም ይሆናል አሉ። ሌላው ትንንሽ ነጭ ኪኒን ነው። ሐኪሟ ስለ ነጩ ደጋግመው ተናግረዋል፤ ፊትሽ ይሞላል፣ አትደንግጪ፣ በራስሽ ግን እንዳታቆሚው። እማዬ በየጠዋቱ የውሃ ብርጭቆ ይዛ ቆማ ታስውጣት ነበር።

ከዚያ ጸጉሯ። ትራስ ላይ፣ ማበጠሪያ ላይ፣ የመታጠቢያው ቀዳዳ ላይ። ከጆሮዋ በላይ ሳንቲም የሚያክል ባዶ ቦታ ወጣ፣ ቀጥሎ ከኋላ። በሰፈራችን ለዚህ ስም አለው፤ ላሽ ይሉታል። ላሽ በላት ይባላል። ቢሊሴ ያኔ ትስቅ ነበር። «እኛ ከሰው ሹልክ ብለን ስንጠፋ ላሽ አልን እንል የለ? ጸጉሬ ላሽ አለ በቃ» አለች። እማዬ ግን አልሳቀችም። ከቤት እንዳይወጣ አለች። «ገና የምታገባ ልጅ ናት፣ ላሽ ያለባት እየተባለ አይወራባትም።» መቼ እንደተላጨችው አላየሁም። መስከረም ውስጥ ከሻሽ ወጥታ አታውቅም።

ቀብር ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው ወይም የተስተካከለው። ቢሊሴ ሳጥኑ ላይ ስትወድቅ ነጠላዋም ሻሿም ተገፈፈ። ባዶ ራሷን ሰው ሁሉ አየ። ሴቶቹ «ወይኔ ልጄን! ለእናቷ ተላጨች!» ብለው ልቅሶውን አደመቁት። አዳዳ ጥሩነሽ ደረታቸውን እየመቱ «የዛሬ ልጅ ማን ይላጫል! የደሪቱ ልጅ ግን ተላጨች!» አሉ። አዳዳ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ በኦሮምኛ የአባትን እህት እንዲያ ነው የምንለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሄዱበት ይህን ያወራሉ። ድሮ ሴት ለእናቷ ጸጉሯን ትላጭ ነበር፣ አሁን ቀርቷል፣ የወንድሜ ልጅ ግን መለሰችው እያሉ።

አባዬ ሰምቶ አቀረቀረ። እኔም አላረምኳቸውም። ቢሊሴ ማታ «ተዋቸው፣ ደቹ። ከላሽ ይሄ ይሻለኛል» አለችኝ።

አሁን ሥራ ቦታም ሻሹን የሚጠይቃት የለም። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ የጉዞ ቢሮ እንግዳ ተቀባይ ናት። አለቃዋ ጸደንያ «ሐዘንሽ እስኪወጣ ችግር የለም» ብላታለች። እስኪወጣ።

ጥቅምት 15

ውሃ መጣ። አራተኛ ፎቅ በጀሪካን አመላልሼ ወገቤ ተቆረጠ። ሳልበላ ተኛሁ፣ የሒሳብ ቤት ሥራ አልሠራሁም።

አንድ ነገር። ጀሪካን ይዤ ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ አዳዳ ከነኢማ ጋር ደረጃው ላይ ቆመው ነበር። ነኢማ ከሕንጻችን ምድር ቤት ጸጉር ቤት አላት። አላዩኝም። አዳዳ «መላጨቱንስ ተላጭታለች፣ ፊቷ ግን ዳቦ መስሏል» አሉ። «ሐዘን የገባው ሰው እንዲህ ይፋፋል? ምግቡ አልቀረባትም።» ነኢማ ሳቋን አፈን አድርጋ «ኧረ ይተዉ አዳዳ፣ የሚያጽናና ሰው ያመጣው ምግብ ነው» አለች።

ቢሊሴን ላስቃት ብዬ የአዳዳን ድምፅ አስመስዬ ነገርኳት። ዳቦ መስሏል ስል ጉንጬን ነፍቼ። አልሳቀችም። መስታወት ፊት ሄዳ ረጅም ጊዜ ቆመች።

ቀልድ የማይገባት ሆናለች።

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

ቀጠሮ ነበራት። አልሄደችም። «ፈቃድ አልሰጡኝም» አለች። ጸደንያን ጠይቃት እንደሁ አላውቅም። ሆስፒታሉ እማዬ ያረፈችበት ነው፤ ያው ኮሪደር፣ ያው ወንበር። እኔም ብሆን አልሄድም ነበር። ስለዚህ አልጨቀጨቅኳትም።

ጥቅምት 29

አርባዋ ወጣ። ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ድንኳን፣ ከዚያ ሰሃን ማጠብ። አባዬ ለአንድ ቀን መጥቶ ተመለሰ። እግሬን አልሰማውም።

ቢሊሴ ከስታለች። የፊቷ እብጠት ጠፍቶ ጉንጯ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ አገጯ እንደ ድሮው ሾሏል። አዳዳ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው «አሁን ገና ሐዘኑ ገባሽ፣ ልጄ! አሁን እናቷ የሞተባት መሰልሽ!» አሏት። እሷም ፈገግ አለች። ከቀብሩ ወዲህ ፈገግ ስትል ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ደስ አለኝ። ድሮዋን መሰለች። በሽታው እየለቀቃት ይሆናል።

ኅዳር 5

ኬሚስትሪ ቴስት፣ ከሃያው ስድስት ብቻ አገኘሁ። መምህሩ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጠዋት ከመገናኛ ታክሲ ለመያዝ ተሰልፈን ሳለ የቢሊሴን እግር አየሁ። ሸበጥ ነው ያደረገችው። ለቢሮ!

«ጫማሽስ?»

«ታጥቦ ተኮማተረ።»

ቆዳ ጫማ ያጠበችው መቼ ነው? ታክሲው መጣና ተጋፍተን ገባን።

ደረጃውን ስንወጣም ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆም ትላለች። ስልኳን የምታይ ትመስላለች። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው።

ኅዳር 12

የኅዳር ጭስ። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ያቃጥላል፤ ገርጂ ከላይ ሲታይ ዳመና የወረደባት ይመስላል። እማዬ በዚህ ቀን ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ ታስጠርገን ነበር። ስለዚህ ጠረግኩ። የልብስ ስፌቷን መኪና አንስቼ ከሥሩ ሳይቀር።

የቢሊሴ ክፍል መስኮት ላይ የመድኃኒቷ ካርቶን ነበር። አቧራ ለብሷል። ጨርቅ ይዤ ስለነበር ወለወልኩትና ወደ ቦታው መለስኩት።

እሷ ቀኑን ሙሉ ተኝታ ዋለች። ጭሱ ነው አለች።

ኅዳር 20

አዳዳ መጡ። ሰማንያዋ ሲወጣ እሑድ ታኅሣሥ አሥራ ሦስት የቢሊሴን ሐዘን እናወጣለን አሉ። ሐዘን ማውጣት ማለት ጥቁሩን አስወልቆ ነጭ ማልበስ፣ ራሷን አጥቦ ጸጉሯን መሥራት ነው። ነኢማንም ይዘዋት መጥተዋል፣ ለቀጠሮ።

«ለገና በዓል በጥቁር አትገኚም» አሉ አዳዳ። «ቀሚሱ ከእኔ፣ ጫማው ከእኔ። ሹሩባው ከነኢማ።»

ነኢማ ቢሊሴን በዓይኗ ለካች። «እስካሁን መቼም ሁለት ጣት አድጓል። ለቁጥርጥር ያንሳል፣ በሂውማን ሄር እቀጥልልሻለሁ። ምርቃት ነው፣ አላስከፍልሽም!»

ቢሊሴ «እኔ እስከ ዓመት በጥቁር እቆያለሁ» አለች።

«ኧረ! እናትሽን እንዲህ አድርገሽ ልታስቀይሚያት ነው?» አሉ አዳዳ። «ለሷ ተላጨሽ፣ ሰው አየ፣ እግዜር አየ። በቃ። ሰው በዓመት ጥቁር ባል አያገኝም።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ፣ የጫማ ቁጥሯ ስንት ነው?»

«ሠላሳ ስምንት።»

ሲወጡ ቢሊሴ ሻሿን በሁለት እጇ ይዛ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። «ደቹ፣ አልበቀለም እኮ» አለች። «ባዶው እንዳለ ነው። ሻሹን ሲያነሱት ምን እላለሁ?»

«ትናገሪያለሽ።»

«ሁለት ወር ሙሉ ያሞገሱኝን? ለእናቷ ተላጨች ያሉኝን?»

ሽሮ ሠራሁ። ጨው በዝቶበታል፣ እሷም አልበላችም።

ኅዳር 27

ሱሌማን በእረፍት ሰዓት «ዛሬ ከሰዓት ላሽ እንበል፣ ኢምፔሪያል ፕሌይስቴሽን እንጫወት» አለኝ። «እንደዚህ አትበል» ብዬ ጮኽኩበት።

«ምን አልኩ?»

ምን ልበለው? ብቻዬን ወደ ቤት ሄድኩ። እማዬ ሱቅ ጋ ስደርስ በሩ ላይ አንዲት ሴትዮ ቆማ የተቆለፈውን ቁልፍ ትነቀንቃለች። «የልጄን ዩኒፎርም ልወስድ ነበር» አለችኝ። «ሴትዮዋ የት ሄደች?»

«ላሽ አለች» ልላት ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ። «ዘግታለች» አልኳት።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ቢሊሴ ተጋድማ መተኛት አቅቷታል። ትራስ ደርባ ተቀምጣ ነው የምታድረው። ስተኛ ትንፋሽ ያጥረኛል አለች። ጠዋት ዓይኗ ሥር እብጠት ይዛ ትነሳለች፣ ሲመሽ ይወርድና እግሯ ይከብዳል። ሸበጡም አሁን ቀጭን መስመር እየቀረጸባት ነው።

ዛሬ አፌ ሥር የቆየውን ጠየቅኳት። «ቢሊ፣ ነጩን ኪኒን እየወሰድሽ ነው?»

«አንተ እማዬ ነህ?»

አይደለሁም።

በሩን ዘጋሁና ወጣሁ። ደረጃው ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። ለአባዬ ደወልኩ፣ ኔትወርክ የለውም፣ በረሃ ነው። ለአዳዳ ልደውል ብዬ ስማቸው ላይ ጣቴን አደረግኩ። ምን ልላቸው? ቢሊሴ ለእማዬ አልተላጨችም ልል? አሳልፌ ሰጠኋት ማለት ነው። ሳምንት ብቻ ቀርቷል። ሻሹ ይውረድ፣ ከዚያ ሁሉም በራሱ ይወጣል ብዬ ስልኩን ኪሴ ከተትኩ።

ታኅሣሥ 11

ፈተና ሊጀመር ነው። ማንበብ አልቻልኩም። ደክሞኛል። መጻፍም።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

ሆስፒታል ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ጠዋት አዳዳ መጡ፣ ነኢማ ከነማበጠሪያዋና ከነሂውማን ሄሯ መጣች፣ ሌሎች ሁለት ሴቶችም ከእድር። የጾም ምግብ ተሠርቷል። ነጩ ቀሚስ አልጋው ላይ ተዘርግቷል። ቢሊሴ መካከል ላይ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሻሿን ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ይዛዋለች፤ በአንድ ሳይሆን በብዙ። እኔ በር ላይ ቆሜ ሻሹን ብቻ ነበር የማየው። እሷም እጇ ሻሹ ላይ ነው።

አዳዳ «እሺ፣ ከላዩ ከፈራሽ ከታቹ እንጀምር» ብለው ሳቁ። ተንበርክከው አዲሱን ነጭ ጫማ ከካርቶኑ አወጡ።

ጫማው አልገባም።

ጣቷ ብቻ ገብቶ ተረከዟ ውጭ ቀረ። አዳዳ ገፉት። ነኢማ በማንኪያ ይሞክሩት አለች። አዳዳ ወደ እኔ ቀና ብለው «ሠላሳ ስምንት አይደል ያልከኝ፣ አንተ ልጅ!» አሉ።

«ሠላሳ ስምንት ነው።»

አዳዳ ካልሲዋን ዝቅ አደረጉና አውራ ጣታቸውን ቅልጥሟ ላይ ተጫኑ። ሲያነሱት ጉድጓዱ ቀረ። እዚያው ቀረ። ሴቶቹ ሁሉ ያን ጉድጓድ ለማየት ጎንበስ አሉ። ሻሹን ያስታወሰ የለም።

«ያ ዋቃ፣ አንተ አምላክ!» አሉ አዳዳ ቀስ ብለው። «ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመቆም ነው» አለች ቢሊሴ። «ሥራ ቆሜ ስለምውል ነው።»

«ተቀምጣ ነው የምትውለው» አልኩ።

«ደቻሳ!»

ክፍሏ ገብቼ ካርቶኑን አመጣሁ። አዳዳ ጭን ላይ አስቀመጥኩት። ያኔ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ሉፐስ የሚባል በሽታ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ አለባት። ይሄ መድኃኒቷ ነው። አቁማዋለች» አልኩ። ክዳኑን ከፈትኩት። ከጥቂቱ በቀር ነጮቹ ኪኒኖች እንደተደረደሩ ናቸው።

ቢሊሴ እንደ ጠላት አየችኝ። ከዚያ እጇን ወደ ኋላ ልካ የመርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነቀለች። ማንም አልነካትም። ሻሹን ራሷ ፈትታ ጭኗ ላይ አደረገችው። ጸጉሯ ራሷ ላይ እንደ ካርታ የተበታተነ ነው፤ እዚህ ጥቂት ጥቁር፣ እዚያ ምንም።

«ይኸው» አለች። «ለሐዘን አልተላጨሁም። ላሽ ነው።»

አዳዳ አፋቸውን ያዙ። እኔ ስለ እግሯ ወይ ስለ በሽታው ይጠይቃሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «ለደሪቱ… አልተላጨሽም?» አሉ። የተከፋ ልጅ ይመስሉ ነበር። «እኔ እኮ ያልነገርኩት ቤት የለም።»

«እሷ ናት የላጨችኝ» አለች ቢሊሴ። «ልታርፍ ሦስት ቀን ሲቀራት። የተረፈው ጸጉር በየቦታው ሲረግፍ አታልቅሺ ብላ መታጠቢያ ቤት አስቀመጠችኝ። በደቹ ቶንዶስ። እየላጨችኝ እሷ ታለቅስ ነበር። 'ሲበቅል የምሠራሽ እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው እንዳታስነኪ' አለችኝ።»

ያ ከቶንዶሱ በመርፌ ያወጣሁት ጸጉር። የጮኽኩበት። ቢሊሴ የዛን ቀን ለምን ዝም እንዳለች አሁን ገባኝ።

ነኢማ ማበጠሪያዎቿን ቀስ ብላ ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

አዳዳ ካርቶኑን አገላበጡ። «ይሄን ለምን ተውሽ?»

«ፊቴን ያሳብጠዋል» አለች። «ሐዘን ያልገባው ፊት ይሆናል።»

አዳዳ ካርቶኑን ከጭናቸው አወረዱ። «ማን ነው እንዲህ ያለሽ?» አሉ። ጥያቄውን ሳይጨርሱ ማን እንደሆነ ትዝ እንዳላቸው ፊታቸው ላይ አየሁ። «ደረጃ ላይ ነበር ያልኩት… ለነኢማ ነበር… ማን ሰምቶ ነገራት?»

ወለሉን አየሁ። ነኢማም እኔን አየች።

«ቀሚሱን ተዉት» አሉ አዳዳ ተነስተው። «ነኢማ፣ መኪና ጥሪ። አንተ የሐኪም ወረቀቶቿን አምጣ።» ሻሹን ከቢሊሴ ጭን አንስተው ራሳቸው መልሰው አሰሩላት፣ ለስላሳ አድርገው። «የእናትሽን ሥራ የነካ የለም» አሏት።

ደረጃውን እኔና ነኢማ በወንበር አወረድናት።

ታኅሣሥ 14

ኩላሊቷ ነው። ዘበኛው ወደ ኩላሊቷ ሄዷል። ሐኪሟ ያው የሐምሌዋ ናቸው። ካርዷን አገላብጠው «ጥቅምት ላይ ጠብቀንሽ ነበር» ብቻ አሉ። ከዚያ በላይ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

አንዲት ነርስ «አስታማሚው ማነው?» አለች። አዳዳ ምግብ ሊያመጡ ሄደው ነበር። አባዬ መንገድ ላይ ነው።

«እኔ።»

«ትልቅ ሰው የለም?»

ቢሊሴ ዓይኗን ሳትከፍት «እሱ ነው» አለች።

ስለ ትናንቱ ካወራን ያ ብቻ ነው። ገና ተቆጥታኛለች። መድኃኒቱ በጉሉኮስ ቀስ እያለ ይንጠባጠባል። ኮሪደሩ ያው ነው። ወንበሩም። እኔ ግን አሁን ከሌላኛው ጫፍ ነው የተቀመጥኩት፣ የእማዬን በር እንዳላይ።

ታኅሣሥ 17

ዛሬ አናገረችኝ። ሐኪሟን ስለ ጸጉሯ ጠይቃቸው ነበር። በሽታው ሲረጋ ቆዳው ጠባሳ ያልሆነበት ቦታ ሊበቅል ይችላል፣ ቃል ግን አልገባም አሉ። «ቢያንስ አልዋሹም» አለች።

ከዚያ ላወጣው ወሰንኩ። «ቢሊ፣ ያን ቀን አዳዳ ያሉትን ባልነግርሽ…»

«ቤት ውስጥ መስታወት አለ፣ ደቹ። አንተ ባትነግረኝ እሱ ይነግረኝ ነበር።»

ይህን ያለችው ለእኔ ብላ እንደሆነ አውቃለሁ። ውሸት እንደሆነም። ተቀበልኩት።

«ፈተናህ መቼ ነው?»

«ሰኞ። አልሄድም።»

«ትሄዳለህ። አሁኑኑ ላሽ በል፣ አጥና።»

ቃሉን ራሷ አለችው። እኔ ሳላስብ «አንቺ ላሽ እንዳትዪ እንጂ» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። በጣም አይደለም፣ ጎኗን ስላመማት። «የት አባቴ ሄጄ?» አለች። «ይሄ ጉሉኮስ ይዞኝ።»

ልወጣ ስነሳ ሱሪዬን አየችው። «ና እስቲ። ወደዚህ። ዙር።» ጫፉን በጣቷ ገልጣ ፈተሸች። «አንተ የማትረባ! ውስጡ እኮ እጥፍ አለው። ሙሉ መዳፍ። እማዬ የሚያድግ ልጅ ልብስ ስትሰፋ ሁልጊዜ አጥፋ ነው የምትተው። ሦስት ወር ሙሉ አጭር ለብሰህ የዞርከው ፈትተህ ማየት ሰንፈህ ነው?»

ነርሷ መቀስ አዋሰችን። ቢሊሴ ጉሉኮስ የተሰካበትን እጇን ላለማንቀሳቀስ በአንድ እጅ ስፌቱን ፈታችው። እኔ ጨርቁን ወጥሬ ያዝኩላት። በአንሶላው ላይ የእማዬ ክር ቁርጥራጭ ቀረ።

ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ

ጠዋት ከአዳዳ ስልክ ሜሴጅ መጣ። ቢሊሴ የላከችው ነው። ፎቶ ነው፤ አንሶላ ላይ አንድ እግር፣ ነጩን ጫማ አድርጎ። ከሥሩ «በግድ ገባ» ይላል።

ትምህርት ቤት ደረስኩ። ሱሪዬ ጫማዬ ላይ ይደርሳል። ተጣጥፎ የቆየው ክፍል አልነጣም፤ ከጉልበቴ በታች ያለው ሰማያዊ የደበዘዘ ነው፣ ጫፉ ግን አዲስ ነው። ሱሌማን ከሩቅ አይቶኝ መጣ። ካልተነጋገርን ሰንብተናል። እግሬን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ይናገር አይናገር እያመነታ ቆመ።

«ጎርፉ ጎደለ እንዴ?» አለኝ።

«እየጎደለ ነው» አልኩት።

ከዚያ በሩ ላይ፣ ለፈተና በሚገባው ሰው ሁሉ መካከል፣ አለቀስኩ። ሱሌማን ደብተሬን ይዞልኝ ጠበቀኝ።